የእማማ ሩቅያን አበባ በደግነት ስናሰምጥ

ወሬው የደረሰኝ መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ቆሜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አሰጣጥ ሳስረዳ ነው። “በመለኪያው እንጂ በሲኒ አይለካም፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳያቋርጡ” እያልኩ ሳለ ከሰልፉ ጀርባ አንድ እጅ ሲወዛወዝ አየሁ። ሸምሱ ነው። ሸምሱ የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ ባለችው ክፍል ልብስ የሚሰፋ ጎረቤቴ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ አልብሶ መጥቷል።

“ሲስተር! ኧረ ድረሽ! የእማማ ሩቅያ አበባ አንገቷን ደፋች!”

ሸምሱ ዕድሜውን ሙሉ ከስፌት መኪና ጋር እየተጯጯኸ የኖረ ሰው ስለሆነ በዝግታ መናገር አይሆንለትም። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ።

“የምን አበባ ናት?” አሉ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ የመስቃን አዛውንት።

“የቤት አበባ ናት አባባ፤ ቅጠሏ ሰፋፊ ነው።”

“ቢጫ ሆኗል?”

“ወላሂ፣ እንደ እንቁላል አስኳል!”

“እንግዲያው ውሃ ጠምቷት ነው” ብለው ፈረዱ። ልጇን ይዛ ከቆሼ ከተማ የመጣች ሴትም “እኛ ጋ በርበሬው እንዲህ ሲል ውሃ ነው የሚፈልገው፣ ሌላ ምንም አይደለም” ብላ አጸናችላቸው። ሳል አላናግር ያለው አንድ ወጣት እንኳ በሳሉ መሀል ትንፋሽ ፈልጎ “ውሃ” አለ። ያ ሁሉ ሰው ከተስማማ እኔ ምን ቆርጦኝ እቃወማለሁ? ከመስኮቴ ውስጥ ሆኜ በሙሉ ልቤ ራሴን ነቀነቅሁ።

አሁን ሳስበው የሚያስቀኝ፣ ይህ ሁሉ ምክክር የተካሄደው በነሐሴ መሆኑ ነው። ዝናቡ የጤና ጣቢያውን ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። እርስ በርስ ለመሰማማት እንጯጯሃለን። የምንጯጯኸው ስለ ውሃ ጥም ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው ላስረዳ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ሥራ ቡታጅራ ካመጣኝ ጀምሮ የምኖረው እማማ ሩቅያ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እማማ ሩቅያ ተከራይ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ግቢያቸው የገባ ሁሉ ልጃቸው ነው። እኔ ስጾም “ዛሬም? ደግሞ የምኑ ነው?” እያሉ ያዝኑልኛል፤ በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ከእሳቸው ይልቅ ሰዓት ስመለከት የምገኘው እኔ ነኝ። እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የእሳቸውን ጤንነት ትጠይቃለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ካርዱ ያልቃል።

አበባዋም ቢሆን ተራ አበባ አይደለችም። አበባ እንላታለን እንጂ አበባ አውጥታ አታውቅም። ቅጠሏ የትሪ ያህል ነው፤ ጠርዙ ተተልትሎ፣ መሀሉ ተበሳስቶ ሲያዩት ፍየል ገብቶ ያመሸበት ይመስላል። ውበቷ እሱ ነው ይላሉ። የእማማ ብቸኛ ልጅ ሰሚራ ተድራ ወልቂጤ ስትሄድ “እማዬ፣ ስናፍቅሽ እሷን እያት” ብላ የተወችላቸው ናት። እማማ ደግሞ ነገሩን እንደ ወረደ ተቀበሉት። ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርሽ ሰሚራዬ” ይሏታል። ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉ ፊት የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት። አዲስ ቅጠል የወጣ ቀን ወልቂጤ ይደወላል፤ እንኳን ደስ ያለሽ ይባባላሉ። የተቀመጠችበት ማሰሮ ራሱ ሰሚራ የላከችው ነጭ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ጠርዙ ወርቃማ፣ ሆዱ ላይ ጽጌረዳ የተሳለበት።

በዚያ ሰሞን እንግዲህ እማማን ዓይናቸውን ሞራ ጋረዳቸውና ለቀዶ ሕክምና ሰሚራ ዘንድ ሊሄዱ ሆነ። በመሄጃቸው ዋዜማ አበባዋን ከሳሎን አስወጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጧትና እኔን ወደ ጓዳ ጠሩኝ። እጄን ያዙ።

“ልጄ፣ ቤቱን አላህ ይጠብቀዋል። እሷን ግን አንቺ ጠብቂልኝ። ለሌላ ሰው አልሰጥም፤ አንቺ ጥንቁቅ ነሽ። አደራ፣ እንዳትጠማብኝ።”

“እማማ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ አይጠማትም።”

ቃሌን ጠበቅሁ። መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጥንቁቅ መሆኔን እኔም አልክድም። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ላረጋግጥ የምመለስ፣ ካረጋገጥኩ በኋላ ደግሞ ሳረጋግጥ ከፍቼው እንዳይሆን ብዬ የምመለስ ሰው ነኝ። ለቅዳሴ ስሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በር ሳይከፍት ደርሼ “ልጄ፣ እዚሁ አድረሽ ነው?” ተብዬ አውቃለሁ። ሥራዬ ሆኖ ደግሞ ነገርን ሁሉ በመድኃኒት አወሳሰድ ዓይን ነው የማየው። ስለዚህ ለአበባዋ አዘዝኩላት፤ አንድ ኩባያ ጠዋት ከጸሎት በኋላ፣ አንድ ኩባያ ማታ ከጸሎት በፊት። የፍልሰታ ጾም ገብቶ ቅዳሴው እየረዘመ የጠዋቱ ሲያመልጠኝ ማታ ሁለቱን በአንድ ላይ እሰጣታለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሰው “ያለፈውን አትደርቡ” እያልኩ የምውል ሴት፣ ለአበባዋ ደረብኩላት።

ወደዚያች ቀን ልመለስ። ሸምሱ ያመጣውን ወሬ ይዤ ከሥራ ስወጣ ጃንጥላዬን መዘርጋት ረስቼ ነበር። ግቢ ስደርስ እውነትም የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ተንጠልጥለዋል፤ ግንዷ ማሰሮው ጠርዝ ላይ አገጯን አስደግፋ የተኛች ይመስላል። አላመነታሁም፤ የሰልፈኛውን ትእዛዝ በጆግ ፈጸምኩ። ጆጉን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጮኸ።

“ልጄ፣ ሰሚራዬ እንዴት ናት?”

“ሰሚራ እርስዎ ጋ አይደለች እንዴ እማማ?”

“ኧረ የግቢዋን ነው የምልሽ!”

ፍልሰታ ነው። ከቅቤ የጠበቅሁትን ምላስ በሐሰት ላረክሰው ነው? ሐቁን ብነግራቸው ደግሞ ዓይናቸው ሊቀደድ ተራ የሚጠብቁ ሴት ናቸው፤ ደማቸው ከፍ ቢል ሐኪሙ ይመልሳቸዋል። ቃል መረጥኩ።

“አለች እማማ።”

አለች! ምን ሐሰት አለበት? ቆማለች አላልኩም።

“አልሐምዱሊላህ! አንቺን የሰጠኝ አላህ ይመስገን” ብለው ዘጉት። የእማማ ዘመዶች ይህችን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋታል። እሳቸው ግን ልጃቸውን ያህል የሚያዩዋትን ነገር ከቢቸና ለመጣች ሴት ሰጥተው ሄዱ። አበባዋ ብትሞት እኔ ምን ብዬ በዚያ ግቢ እንዴት አደሩ እላለሁ?

በማግስቱ ሌላ ቅጠል ወደቀ። አፈሩ ዙሪያ አሸዋ የሚያካክሉ ጥቃቅን ዝንቦች ይዞሩ ጀመር፤ ሽታም አለ፤ ክዳኑ ሳይከፈት የከረመ በርሜል ዓይነት። ለእናቴ ደወልኩ።

“ዓይን በልቷት ነው” አለች እናቴ፣ አበባዋን ቢቸና ሆና እንዳየቻት ሁሉ። “ያ የላክሁልሽ ጠበል የት አለ? ጠብ አድርጊባት።”

ጠበሉ አለ። ግን እኔ የፈራሁትን ትፈሩ እንደሆን እንጃ፤ የሙስሊም ቤት አበባ ናት። ባለቤቷ ሳያውቁ ጠበል ላፍስስባት? በማግስቱ ዓርብ የዕረፍት ተራዬ ስለነበር የጠዋቱ ቅዳሴ እንዳለቀ የነፍስ አባቴን መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው።

“አባ፣ በሰው አበባ ላይ ጠበል ቢፈስ ነውር አለው?”

አባ ቆም ብለው አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኑዛዜ ሲሰሙ የኖሩ ናቸው፤ ይኼኛው ግን አልገጠማቸውም መሰለኝ።

“አበባዋ ጠይቃሻለች?”

“አልጠየቀችም አባ።”

“ባለቤቷስ?”

“ዓይናቸውን ታመው ወልቂጤ ናቸው።”

“እንግዲያው ሳታስፈቅጂ የሰው ነገር ላይ ምንም አታፍስሺ። ጠበሉን አንቺው ጠጪው፤ የደነገጥሽው አንቺ ነሽ።”

ቤት ሄጄ ጠጣሁት። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ። ጠጥቼ ከክፍሌ ብቅ ስል ግን በረንዳው ላይ የእማማ ታናሽ እህት ወይዘሮ ከድጃ ጎንበስ ብለው ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ወደ ማሰሮው ያንጠባጥባሉ።

“ወይዘሮ ከድጃ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ዘምዘም ነው፤ ከመካ የመጣ። ለጉሮሮዬ ያስቀመጥኩት ነበር፤ ለሷ ይሁን ብዬ። ሺፋ ነው፤ ያድናል።”

እኔ መልስ ሳልሰጥ ሸምሱ ለጁምዓ ሊሄድ እጅ እግሩን ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ከቧንቧው ጥግ መጣ። ሳያየን፣ ዜማ እንደሚያንጎራጉር ሰው ተረጋግቶ፣ በማንቆርቆሪያው የተረፈውን ውሃ ማሰሮው ውስጥ ደፍቶ አለፈ።

“ሸምሱ! ምን አደረግህ?”

“ምን አደረግሁ? የዉዱእ ትራፊ ነው። ውሃ ማባከን እኮ አይፈቀድም። እዚሁ ነው ሁልጊዜ የምደፋው።”

“ሁልጊዜ ስትል?”

“በየሰላቱ ነዋ!”

በየሰላቱ ማለት በቀን አምስት ጊዜ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ወይዘሮ ከድጃ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጡኝ ቀጠሉ፦

“እኔም ገበያ ስሄድና ስመለስ ጠብ አደርግላታለሁ። ምን ላድርግ፣ አደራ አለብኝ! እህቴ ‘ለሌላ ሰው አልሰጥም ከድጃ፣ አንቺ ደሜ ነሽ’ ብላ ጓዳ ጠርታ እጄን ይዛ...”

“ቆይ ቆይ ቆይ” አለ ሸምሱ። “ለኔ ነው እንጂ አደራው! ጓዳ ጠርተውኝ ‘ሸምሱ፣ አንተ ወንድ ነህ፤ ለሴቶቹ ትቼው አልሄድም’ ነው ያሉኝ።”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ማሰሮው ዞርኩ። ጓዳው ማን ቀድሞ እንደ ገባ ለማጣራት ጊዜው አልነበረም።

ሸምሱ ማሰሮውን ሊያነሳ ሲሞክር የሲሚንቶ ከረጢት ያነሳ ይመስል አቃሰተ። ዘንበል ሲያደርገው በወርቃማው ጠርዝ ላይ ጥቁር ውሃ ፈሶ ጫማውን ሞላው፤ ሽታው ሦስታችንንም ወደ ኋላ መለሰን። ታቹን ዳበስኩት። ድፍን ነው፤ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለውም። በየሰላቱ የሚደፋው፣ የገበያ መንገድ ጠብታው፣ የእኔ የጠዋትና የማታ ኩባያ፣ ዘምዘሙ፣ ሁሉም ገብቶ አንድም ሳይወጣ እዚያው ተጠራቅሟል። ያቺ አበባ በረከት አልጎደላትም። የጎደላት ቀዳዳ ነው።

ስልኬን ከፍቼ ፈላልጌ አነበብኩላቸው። ሥርም እንደ ሳንባ አየር ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ሲከርም ታፍኖ ይበሰብሳል። ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል። የተጠማ መስሎ! ሰውም አይቶ ያዝንና ይጨምርለታል። ወይዘሮ ከድጃ “ታዲያ እንሰትስ ሥሩ ሲበሰብስ የሚሸተው እንዲህ አይደል?” ብለው ደረታቸውን መቱ። “አፍንጫዬ አውቆት ነበር፤ ልቤ ነው እምቢ ያለው።”

እንዲህ ከሆነ መፍትሔው አንድ ነው፤ ተነቅላ፣ ታጥባ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ አዲስ አፈር ላይ ትተከላለች። ሸምሱ ከጁምዓ እስኪመለስ ጓንቴንና አልኮሌን አዘጋጀሁ። ሲመለስ ታዲያ ብቻውን አልመጣም፤ መንገድ ላይ ነገሩን ለማን ለማን እንደተናገረ እሱ ያውቃል፤ ሰፈሩ በረንዳውን ከቦ ቆመ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል።

“ሸምሱ፣ መቀስህን አምጣ።”

“የትኛውን መቀስ?”

“የምትሰፋበትን ነዋ።”

ፊቱ ተለዋወጠ። “ሲስተር፣ ይሄ መቀስ ከጨርቅ ሌላ ነክቶ አያውቅም። ሚስቴ አንድ ቀን ክር ማሰሪያ ወረቀት ልትቆርጥበት ብላ ሽማግሌ ነው ያስታረቀን። አንገቴን ቁረጪበት፤ ሥር ግን አይቆርጥም።”

ስለዚህ የወጥ ቤቴን ቢላ አፍልቼ፣ በአልኮል ወልውዬ ያዝኩ። ሸምሱ ግንዷን አቅፎ ጎተተ፤ ከነጭቃዋ ወጣች። አፈሩን በቀስታ እያጠብን ሥሯን ገለጥነው። ወይ ጉድ! አብዛኛው ጠቁሯል፤ በጣቴ ስይዘው እንደ በሰለ ጎመን ይሟልጫል፤ ላዩ ተገፎ ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። መሀል ለመሀል ግን ነጭና ጠንካራ የሆኑ ጥቂት ሥሮች ነበሩ። እነሱን ሳይ “እመቤቴ፣ እነዚህን አታሳጪኝ” አልኩ።

“ቢስሚላህ በይና ቁረጪ” አሉ ወይዘሮ ከድጃ።

“በስመ አብ” አልኩ እኔ። በአንድ ትንፋሽ ነው የተባለው፤ ቢላውም በዚያው ወረደ።

ለስላሳ የሆነውን ሁሉ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆረጥኩ፤ በየመሀሉ ቢላውን በአልኮል እጠርጋለሁ። ሥሩ ሲያልቅ የከፋው መጣ። በቀሩት ጥቂት ሥሮች ያንን ሁሉ ቅጠል መመገብ አትችልም፤ ቅጠልም መቀነስ አለበት። አንዷን ሰፊ ቅጠል ስቆርጥ ወይዘሮ ከድጃ “የሰሚራ እጅ!” ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከቆሙት ሴቶችም አብራ ያለቀሰች ነበረች። እኔ ራሴ ጓንቴን ማውለቅ ስላልቻልኩ እንባዬን በክርኔ ነው የጠረግሁት።

ቁስሉ ላይ የከሰል ዱቄት ነስንሰን ጥላ ውስጥ አሳደርናት። ወይዘሮ ከድጃ የእንሰት ቁራጭም ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር አይቀበለውም ብለው አጥብቀው ስለያዙ ማንም አልተከራከረም። በማግስቱ ሸምሱ ለመንገድ ከሚነጠፈው ቀይ አሽ በፌስታል ይዞ መጣ። እሱን ከአዲስ አፈርና ከተሰባበረ ከሰል ጋር ደባልቀን፣ ታቹ በጋለ ሚስማር በተበሳሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተከልናት። የሰሚራን ማሰሮ አልበሳነውም፤ ማን ደፍሮ! ውስጡ ጠጠር ደልድለን ባልዲውን በላዩ አስቀመጥነው፤ ከባልዲው የሚያልፈው ውሃ ጠጠሩ ላይ ይቀራል፤ እሱም ይደፋል። ሸምሱም ሕግ አወጣ፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ካልወጣ በቀር ማንም ጠብታ አያፈስም። የዉዱእ ትራፊ ወደ ጎመኑ መደብ ይሂድ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ለታመመ ሰው ምንም አለማድረግ በእኛ አገር ጭካኔ ነው። ውሃ የተከለከለው ጎረቤት ሁሉ ደግነቱን የሚያወጣበት አጥቶ አሁን ጣቱን ይዞ ይመጣ ጀመር። ወጪ ወራጁ አፈሩን ይወጋል፤ “አልደረቀም” ብሎ ይሄዳል። ከቅዳሴ ስመለስ አፈሩ ወንፊት ሆኖ አገኘዋለሁ። ሸምሱ ልብስ ሊያሰፉ የመጡትን ሁሉ ሳይቀር እያመጣ ያስወጋ ነበር።

ጾሙ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባጃጅ ድምፅ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ሩቅያ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላው ላይ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ሰሚራ ክንዳቸውን ይዛለች። ሸምሱ ጆሮዬ ሥር መጣ፤ ሹክ ማለቱ ነው፤ መንገድ ላይ ተሰማ።

“ሲስተር፣ ፋሻው እስኪፈታ ጊዜ አለን! ዛሬውኑ እሷን የምትመስል ፈልጌ ላምጣ?”

“እግዚአብሔርስ ፋሻ አድርጓል?” አልኩት።

እማማ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ወደ በረንዳው ሄዱ። ቅጠሏን ዳበሱ። ቅጠል ፍለጋ እጃቸው ወዲያ ሄደ፤ የለም። ወዲህ ሄደ፤ የለም።

“ቅጠሏስ?”

ሁሉም ወደ እኔ አየ። ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ኩባያ እስከ መጨረሻው ቅጠል፣ የራሴን ድርብርብ ሳልደብቅ። እማማ የጣታቸውን ጫፍ ብቻ አፈሩ ውስጥ ሰደዱ።

“ያ አላህ! ደርቋል! ልጄን በጥም ልትፈጇት ነው? ሸምሱ! ውሃ!”

ሸምሱ ለእማማ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተንደረደረ። ወይዘሮ ከድጃም ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ጆግ ይዘዋል። አፈሩ ከላይ ደረቅ ቢመስልም ጠዋት በጣቴ ያገኘሁት እርጥበት ከሥር እንዳለ አውቃለሁ፤ ቁስሉ ገና ነው። እኔ ለሰው የምታዘዝ እንጂ የምከለክል ሴት አይደለሁም። ግን እግሬ ቀድሞኝ ማሰሮው ፊት ቆሜ ሁለት እጄን ዘርግቼ ራሴን አገኘሁት።

“እማማ፣ አይሆንም።”

ሸምሱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ከመንገዱ ቆመ።

“ማን ነው አይሆንም ያለኝ?”

“እኔ ነኝ እማማ። አደራዎ እንዳትጠማ ነበር፤ በዚያ አደራ ልንገድላት ነበር። ከተቀየሙኝ ክፍሉን ነገ እለቃለሁ። ዛሬ ግን ውሃ አይነካትም።”

እማማ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ከዚያ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ላባብላቸው ስል ሳቃቸው መጣ።

“ሰሚራ፣ ሰማሽ? ሐኪሙም እኮ እንዲህ ነው ያለኝ! ‘ውሃ እንዳይነካሽ’ ብሎ፣ ፊቴን እንኳ እንዳልታጠብ!” መነጽራቸውን አስተካከሉ። “ውሃ ተከልክዬ በተየሙም፣ በደረቅ አፈር አብሼ ነው የምሰግደው። እሷም እንደኔ በደረቅ አፈር ትቆይ። ሸምሱ፣ መልሰው ውሃውን። አንቺም ሂጂና ክፍልሽ ግቢ፤ የት ነው የምትለቂው?”

ሰሚራ እኔን አቅፋ ትስቅ ነበር። ሸምሱ ግን የከነከነውን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ሰው አይደለም።

“እማማ፣ ለመሆኑ አደራውን የሰጡት ለማናችን ነው?”

“ለሦስታችሁም ነዋ! አንዱ ቢረሳስ ብዬ ነው። ሦስታችሁም ታስታውሳላችሁ ብዬ በምን ልወቅ?”

ይኸው አሁን የእማማ ፋሻ ተፈትቷል። አበባዋም ከግንዷ ጎን አንዲት አዲስ ቅጠል ይዛለች፤ ገና አልተፈታችም፤ እንደ ጧፍ ተጠቅልላ ቆማለች። እማማ በተፈታ ዓይናቸው ቀርበው አይተው “ሰሚራዬ ተመለሰች” ብለዋል፤ ወልቂጤም ተደውሏል። እንግዲህ በእኛ ልማድ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ይጠየቃል፤ በግቢው ደግሞ ከቢላ የወጡ ሁለት ናቸው።

ስለዚህ ያን ዓርብ በረንዳውን ከባችሁ የቆማችሁ፣ አብራችሁኝ ያለቀሳችሁም፣ በስልክ የቀረጻችሁም፣ ጣታችሁን ይዛችሁ ስትመላለሱ የከረማችሁም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ኑ፣ ጠይቁን፤ እማማ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም በሩን እከፍታለሁ። ለእማማ ያሻችሁን አምጡ። በረንዳውን ስታልፉ ግን፣ በምታምኑት ሁሉ ይዣችኋለሁ፣ ባዶ እጃችሁን እለፉ።